ማርጌሪታ፦ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ወዳለው የሩዌንዞሪ ጫፍ፣ ከቀን ወደ ቀን

በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ ሦስተኛው ከፍታ የማርጌሪታ ጫፍ ነው፤ 5,109 ሜትር። የኡጋንዳና የዴሞክራቲክ ኮንጎ ድንበር በላዩ ስለሚያልፍ የሁለቱም አገሮች ከፍተኛ ቦታ ይኸው አንድ ጫፍ ነው። የሚገኘው ስታንሊ በተባለው ተራራ ላይ ሲሆን፣ ስታንሊ ደግሞ በሩዌንዞሪ ሰንሰለት ውስጥ ግግር በረዶ ከነበራቸው ስድስት ተራሮች ትልቁ ነው።

ሩዌንዞሪ እሳተ ገሞራ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ሽቅብ የተገፋ ጥንታዊ አለት ነው፤ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ለተጓዥ ብዙ ነገር ይለውጣል። ኪሊማንጃሮ ላይ ከግርጌ እስከ ጫፍ አንድ ተዳፋት ይወጣል። እዚህ ግን ወንዝ ተሻግሮ፣ ረግረግ አቋርጦ፣ በተራሮች መካከል ያለ በር ወጥቶ፣ የወጡትን መልሶ ወርዶ ነው ስታንሊ ሥር የሚደረሰው። ጫፉ ራሱ ብዙውን ጊዜ ደመና ስለሚሸፍነው ከታች ሆኖ ለማየት ዕድል ይጠይቃል።

እዚህ ተራራ ላይ ከከፍታው ይልቅ ውሃው ይከብዳል። ቦታው ከምድር ወገብ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይርቅም፤ ከኮንጎ ደን የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲደርስ ይዘንባል፤ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ። ደረቅ የሚባሉት ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ እንዲሁም ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ናቸው። ለእኛ ክረምቱ የሚጠናበት ጊዜ ለሩዌንዞሪ የሚሻለው ጊዜ ነው ማለት ነው። “ደረቅ” ማለት ግን ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ ይቆማል ማለት አይደለም። በሐምሌም ቢሆን በየቀኑ እንደሚዘንብ አስቦ መነሣት ይሻላል።

ከኡጋንዳ በኩል ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከንያካሌንጊጃ ተነሥቶ የሙቡኩንና የቡጁኩን ወንዞች ሸለቆ ተከትሎ ዙሪያውን የሚመለሰው ነው። ሁለተኛው ድሮ የመዳብ ማዕድን ይወጣባት ከነበረችው ከኪሌምቤ ይነሣል፤ ረዘም ያለ ነው። በኮንጎ በኩል ከሙትዋንጋ በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ ጥንታዊ መንገድ አለ፤ አካባቢው ግን ለረጅም ዓመታት የታጠቁ ኃይሎች የሚንቀሳቀሱበት ስለሆነ ለእሱ ዕቅድ ማውጣት አይመከርም። የኡጋንዳው ወገንም ቢሆን በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር። ይህ ማስታወሻ የሚከተለው የንያካሌንጊጃውን መንገድ ነው።

ከመነሣት በፊት

ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ በቀጥታ በረራ ይደረሳል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መግቢያ ላይ ስለሚጠየቅ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። ከካምፓላ በፎርት ፖርታል በኩል እስከ ካሴሴ ለመሄድ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ካሴሴ ቆላ ነው፤ ወባ አለ፤ የመከላከያውን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ከቤት መጀመር ያስፈልጋል። ንያካሌንጊጃ ከካሴሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መሪ ሳይዙ ፓርኩ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። መሪዎቹና ተሸካሚዎቹ የተራራው ሰዎች፣ ባኮንዞዎች ናቸው።

ዕቃን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጫማ ነው። ሁለት ጫማ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ ነው፤ ከዚህ ውጭ ረግረጉን የሚችል ጫማ የለም። ውድ የቆዳ ተራራ ጫማ ለብሶ የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን ጭቃ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ያ ጫማ ደግሞ ተራራው ላይ እያለ አይደርቅም። ቦቲው ከተለመደው ቁጥር በአንድ ከፍ ብሎ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ተጨማሪ ገበር ተጨምሮበት ይለካል። ጠቦ ከተገዛ ቁልቁለቱ ላይ የእግር ጣት ጥፍር ያነሣል፤ ሰፍቶ ከተገዛ ተረከዝ ይልጣል። የቦቲው አፍ ባቱን እንዳያሳክክ ካልሲው ከአፉ በላይ ተርፎ መታጠፍ አለበት።

ሁለተኛው ጫማ ለግግር በረዶው ነው። ሶሉ የማይተጣጠፍ፣ ክራምፖን የሚይዝ መሆን አለበት። ክራምፖን ከጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ ነው። የጎማ ቦቲ ላይ አይታሰርም፤ ቢታሰርም ሶሉ ስለሚተጣጠፍ ዳገት ላይ ይወልቃል። ክራምፖን፣ የበረዶ መጥረቢያ፣ ሃርነስ (ወገብ ላይ ታጥቆ ገመድ የሚታሰርበት ቀበቶ) እና ሄልሜት እዚያው ይከራያሉ። ስትከራዩ ግን ክራምፖኑን በራሳችሁ ጫማ ላይ ገጥማችሁ፣ ጫማውን አንሥታችሁ አራግፉት፤ ማሰሪያው ሳይጠብቅ በራሱ ካልያዘ ቁጥሩ ልክ አይደለም። ይህንን ታች ያላደረገ ሰው 4,500 ሜትር ላይ በሌሊት፣ በደነዘዘ ጣት ሊያስተካክለው ይገደዳል።

የሌሊት ልብስና ስሊፒንግ ባግ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱም በወፍራም ፌስታል ውስጥ ይግባ። ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ የሚችል ይሁን። ጥጥ ነክ ልብስ አትያዙ፤ ከረጠበ ሙቀት ይመጥጣል እንጂ አይሰጥም። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ጓንት ሦስት ጥንድ፣ ካልሲ ቢያንስ ስድስት ጥንድ። አንዱን ጥንድ ካልሲና አንዱን ሙሉ ልብስ “የመኝታ” ብላችሁ ለዩትና በቀን ምንም ቢመጣ አትንኩት። ጠዋት የትናንቱን እርጥብ ልብስ መልሶ መልበስ ይቀፋል፤ ግን ከተራመዱ በኋላ በሩብ ሰዓት ይሞቃል። ደረቁን ለብሶ የወጣ ሰው ማታ የሚቀይረው አይኖረውም።

ስንቅ በአብዛኛው አብሳዮቹ የሚያዘጋጁት ሩዝ፣ ፖሾ (የበቆሎ ገንፎ)፣ ድንችና ባቄላ ነው። ከአገር ቤት በሶና ቆሎ መያዝ ግን እጅግ ይጠቅማል። በሶ ምድጃ አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ እንኳ ይወርዳል።

ቀን 1፦ ንያካሌንጊጃ (1,600 ሜትር) – ንያቢታባ (2,652 ሜትር)

ጠዋት ፓርኩ በር ላይ ምዝገባ አለ፤ ጭነቱም ተመዝኖ ለተሸካሚዎች ይከፋፈላል። የቀኑን ዝናብ ልብስ፣ ውሃ፣ ምሳና ካሜራ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ተሸካሚዎቹ ቀድመው ስለሚሄዱ ከማታ በፊት ዕቃችሁን አታገኙትም።

መንገዱ በባኮንዞ እርሻዎች፣ በሙዝና በቡና መካከል አልፎ ጫካ ይገባል። ጉሬዛና ሰማያዊ ዝንጀሮ ይታያል፤ የቺምፓንዚ ጩኸት የሚሰማበት ጊዜም አለ። የማሆማን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ረጅሙ አቀበት ይጀምራል። ይህ ቀጥ ያለ ጉብታ ጥንት ግግር በረዶ እየገፋ አምጥቶ የከመረው ድንጋይና አፈር ነው። በረዶው በአንድ ዘመን እስከዚህ ድረስ፣ ዛሬ ዝግባ እስከሚበቅልበት ድረስ ወርዶ ነበር።

ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት። ቀላል ቀን ስለሆነ ሰው ይሮጥበታል፤ ትክክል አይደለም። በላብ መርጠብና በዝናብ መርጠብ ማታ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ቀን 2፦ ንያቢታባ – ጆን ማቴ (3,414 ሜትር)

ከንያቢታባ ጥቂት ከተሄደ በኋላ መንገዱ ወደ ኩርት ሼፈር ድልድይ በኃይል ይወርዳል። ድልድዩ የተዘረጋው ሙቡኩና ቡጁኩ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከዚህ በስተ ግራ የሚሄደው መንገድ በመጨረሻው ቀን የምንመለስበት ነው፤ የሚያወጣው የቀኙ ነው።

ቀጥሎ ቀርከሃ ይመጣል። የቀርከሃው ዞን በዚህ ቀን ከባዱ ክፍል ነው፤ የተከመሩ ድንጋዮች በሳረንስት ተሸፍነው፣ በመካከላቸው ጭቃና የረገፈ ቀርከሃ አለ። እርጥብ ቀርከሃ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ የረገጠ እግር ያለ ጥርጥር ይንሸራተታል፤ አግድም ተረግጦ መታለፍ አለበት። ሥር ላይም እንደዚሁ። ሁለት ዱላ የያዘ ሰው እዚህ ጉልበቱን ያተርፋል።

ከ3,000 ሜትር በላይ አስታ ይጀምራል። የሰሜንን ወይም የባሌን ተራሮች ያየ ሰው አስታን ያውቃል፤ እዚህ ረጅም ዛፍ ሆኖ ያድጋል፤ ግንዱ በወፍራም ሳረንስት ተጠቅልሎ፣ ከየቅርንጫፉ ሽበት መሳይ ነገር ተንጠልጥሎ ይታያል። በንያሙሌጁ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ጅብራዎች ይመጣሉ። ቀኑ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማደሪያው ከቡጁኩ ወንዝ ብዙ አይርቅም፤ ለመታጠብ የሚሆን ውሃ የሚገኝበት የመጨረሻው ምቹ ቦታ ነው፤ ከዚህ በላይ ቅዝቃዜው አያስችልም።

ቀን 3፦ ጆን ማቴ – ቡጁኩ (3,962 ሜትር)

የረግረጉ ቀን ይህ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ወዲያው ታችኛው ቢጎ ረግረግ ይገባል። ረግረጉ ሜዳ ይመስላል፤ ከጥቁር ጭቃና ውሃ መካከል ጉብ ጉብ ያለ ሣር ቆሞ፣ በየመካከሉ ጅብራ ተተክሏል። የባኮንዞ ተሸካሚዎች ከጉብታ ወደ ጉብታ እየዘለሉ ያልፋሉ። ልምድ የሌለው ሰው እነሱን ተከትሎ መዝለል የለበትም፤ ጉብታው ጫፉ ላይ ሲረገጥ ይጋደማል፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚህ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ዱላውን አስቀድሞ ሰድዶ ጥልቀቱን መለካት፣ ከዚያ የጉብታውን ሥር፣ ሥሮቹ የተጠላለፉበትን ቦታ መርገጥ ነው። ጭቃው እስከ ባት ይደርሳል፤ ችግር የለም፤ ቦቲው ለዚህ ነው የተገዛው።

ቦቲ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሰው በደመ ነፍስ እግሩን ወደ ላይ ይስባል፤ እግሩ ወጥቶ ቦቲው ይቀራል። ማድረግ ያለበት ጣቱን ወደ ታች ደፍቶ ተረከዙን መጀመሪያ ማንሣት፣ አየር እንዲገባ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። በቦቲው አፍ ውሃ ከገባም እዚያው ቆሞ ማራገፍና ካልሲውን መጭመቅ ይሻላል። ውሃ በሞላበት ቦቲ አራት ሰዓት የሄደ እግር ቆዳው ነጥቶ ይላጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ በዚያው እግር አቀበት መውጣት አለበት።

ላይኛው ቢጎ ረግረግ ላይ የእንጨት መረማመጃ ተዘርግቷል። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን እጅግ ያዳልጣል፤ የተሰበረ ሳንቃም ያጋጥማል። ዱላን በሳንቃዎቹ ክፍተት ውስጥ አትትከሉ፤ ይሰበራል።

በዚህ መንገድ ላይ ያሉትን ዕፅዋት ቀስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ጅብራው ለእኛ ጅብራ ዘመድ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአጠገቡ ቆመው የሚታዩት፣ ግንዳቸው የደረቀ ቅጠል የለበሰ፣ አናታቸው እንደ ጎመን የተከፈተ ረጃጅም ተክሎች ደግሞ ዴንድሮሴኔሲዮ የሚባሉ ናቸው፤ እነዚህ በኢትዮጵያ ተራሮች የሉም። ሁለቱም ከቅዝቃዜ ጋር የሚኖሩበት ዘዴ ተመሳሳይ ነው። ማታ ቅጠላቸውን አጥፈው የመሃሉን ለጋ ቡቃያ ይሸፍናሉ፤ ጠዋት ይከፍታሉ። በምድር ወገብ ላይ ባለ ከፍተኛ ተራራ በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት ስለሆነ ይህንን ያላደረገ ተክል አይቆይም።

ከረግረጉ በኋላ ያለው አቀበት ወደ ቡጁኩ ሐይቅ ያወጣል። ደመና ከሌለ ቤከር፣ ስፒክና ስታንሊ የተባሉት ተራሮች ሦስቱም ከዚህ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 በሩዌንዞሪ ስድስት ተራሮች ላይ ስም የተሰጣቸው 43 ግግር በረዶዎች፣ በጠቅላላው 7.5 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑ ነበሩ። በ2005 ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ በሦስት ተራሮች ላይ ቀርተው፣ ስፋታቸው ወደ 1.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም መቀነሱ አላቆመም። የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ ነጭ ሆነው የሚታዩት የቤከርና የስፒክ ትከሻዎች ዛሬ ጥቁር አለት ናቸው። ይህ ያሳዝናል፤ ለሚወጣ ሰውም መንገዱን ለውጦበታል።

ስለ ከፍታ ሕመም

ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን ስሌት እዚህ ላይ መሥራት ይገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። በዚህ መንገድ ከንያቢታባ ወደ ጆን ማቴ 762፣ ከዚያ ወደ ቡጁኩ 548፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማደሪያ ወደ ኤሌና 579 ሜትር ይጨመራል። ሦስቱም ከልኩ በላይ ናቸው። ስለዚህ ቡጁኩ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ማደር ቅንጦት አይደለም፤ ገንዘቡ ካለ የመጀመሪያው ወጪ እሱ ይሁን። አዲስ አበባ የኖረ ሰው በ2,300 ሜትር ስለለመደ ንያቢታባ ላይ ምንም አይሰማው ይሆናል፤ ያ ልምድ ግን ለ4,500 ሜትር ዋስትና አይሆንም። በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚኖር፣ ከዱባይም ሆነ ከቴል አቪቭ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ተጨማሪው ሌሊት ግዴታ ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ያሉበት ሰው ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ የሰውን ንግግር አለመረዳት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው አክታ ከታየ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መውረድ ያስፈልጋል። አሴታዞላማይድ፣ በተለምዶ ዲያሞክስ የሚባለው፣ ለመከላከል በቀን ሁለት ጊዜ 125 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። መድኃኒቱ ሽንት ስለሚያበዛ ውሃም አብሮ ይጨመራል።

ቀን 4፦ ቡጁኩ – ኤሌና (4,541 ሜትር)

አጭር ቀን ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። መንገዱ ዴንድሮሴኔሲዮ በሞላበት ጭቃማ ገደል ሽቅብ ይወጣል፤ በመካከሉ የብረት መሰላል አለ። ከላይ ወደ ስኮት ኤሊዮት በር የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል፤ ያ ለነገ ነው። ከዚያ በኋላ ተክል ያልቅና ባዶ አለት ይመጣል፤ ሲዘንብበት እንደ ሳሙና ነው።

ኤሌና አለት ላይ የተሠራች ትንሽ የእንጨት ማደሪያ ናት። ዙሪያዋ ያዳልጣል፤ ለሽንት የሚወጣ ሰው እንኳ ጫማውን አጥብቆ፣ የግንባር ባትሪውን አብርቶ ይውጣ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አለ። ክራምፖን ይገጠማል፤ ሃርነስ በሙሉ ልብስ ላይ ይለካል፤ የገመድ ቋጠሮ ይለማመዳል፤ ቦርሳው ለጫፍ ብቻ በሚያስፈልገው ይሞላል። የባትሪ ድንጋዮችና ስልክ ማታ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይተኙ፤ ቅዝቃዜ ኃይላቸውን ይጨርሰዋል። የውሃ ኮዳም እንደዚሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። መሪው በእንግሊዝኛ “ሦስት ሰዓት እንነሣለን” ካለ ሌሊት 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ደግሞ እንደ እኛ ይቆጥራል። በየትኛው እንደተናገረ አረጋግጣችሁ ተኙ።

ቀን 5፦ ኤሌና – ማርጌሪታ (5,109 ሜትር) – ኪታንዳራ (4,023 ሜትር)

ሌሊት 8 ሰዓት መንቃት፣ 9 ሰዓት መውጣት። በሌሊት የሚወጣበት ምክንያት ሁለት ነው። በረዶው በውርጭ ጠንክሮ ክራምፖን ይይዛል፤ ደመናውም ከሸለቆው የሚነሣው ረፋድ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ጫፍ መድረስ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሰዓት አለት መውጣት ነው። ቀድሞ በረዶ የነበረበት ቦታ አሁን ግግሩ ልጦ ያለሰለሰው አለት ሆኖ ቀርቷል፤ ማታ የዘነበው ሌሊት ሲረጋ በላዩ የማይታይ የመስተዋት ሽፋን ይሠራል። እዚህ ክራምፖን ገና አልታሰረም፤ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። ከዚያ የስታንሊ ሜዳ የሚባለው ጠፍጣፋ ግግር በረዶ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ቆሞ ክራምፖን ይታሰራል፤ ገመድ ይገባል። በአንድ ገመድ ሦስት ወይም አራት ሰው፣ በመካከላቸው ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀት። ገመዱ መሬት ላይ መጎተትም፣ እንደ ክር መወጠርም የለበትም። ላላ ካለ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ወድቆ ነው የሚያዘው፤ ያኔ ደግሞ ሌሎቹንም ይጎትታል።

ሜዳውን ማቋረጥ ቀላል ነው፤ ጉም ከወረደ ግን አቅጣጫ ይጠፋል። ከሜዳው ማዶ መንገዱ ከአሌክሳንድራ ጫፍ ሥር በገመድ ታግዞ ቁልቁል ይወርዳል። የወጡትን መልሶ መውረዱ ልብ ያደክማል፤ አስቀድማችሁ እወቁት፤ ስትመለሱም ይህንኑ እንደምትወጡ አስባችሁ ጉልበት አስቀሩ።

ቀጥሎ የማርጌሪታ ግግር በረዶ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው። ቁልቁለቱ ከዓመት ዓመት ቀጥ እያለ መጥቷል፤ ግግሩ ሲሳሳ ስንጥቆች ይከፈታሉ፤ የታችኛው ጠርዝ ከአለቱ ይለያል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት የተገኘ የመንገድ መግለጫ ላይ አትደገፉ። ታች ካሴሴ ላይ መሪውን ጠይቁ፦ ገመዱ አሁን የት ተተክሏል? መሰላል የት አለ? በቅርቡ ጫፍ የደረሰ ቡድን አለ ወይ? እርግጠኛ መልስ የሚሰጥ መሪ በቅርቡ የወጣ ነው።

አረማመዱ እንዲህ ነው። ተዳፋቱ ለዘብ ባለበት ቦታ የክራምፖኑ ጥርሶች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲይዙ እግር ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይረገጣል። በቆመው ቦታ የፊት ጥርሶች ይመታሉ፤ ተረከዝ ዝቅ ይላል። ተረከዙን ከፍ ያደረገ ሰው ባቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱም ይነቀላል። ሁለቱ እግሮች በትከሻ ስፋት ይለያዩ፤ ተቀራርበው ከሄዱ የአንዱ ጥርስ የሌላውን ሱሪ ይይዝና ሰው በራሱ ልብስ ተጠልፎ ይወድቃል። መጥረቢያው ሁልጊዜ በአቀበቱ በኩል ባለው እጅ ይሁን።

ከግግሩ በኋላ የመጨረሻው ክፍል አለት፣ ተከላ ገመድና መሰላል ነው። ከዚያ ጫፉ። ከኤሌና እስከዚህ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ስለሚፈጅ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት አካባቢ ይደረሳል። ጠዋት 4 ሰዓት ሆኖ ገና ግግሩ ላይ ያለ ቡድን መመለስ አለበት። ይህን ገደብ ማታ፣ ጭንቅላት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ተስማሙበት።

መጀመሪያ እዚህ የቆመው የጣሊያኑ የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1906። ጫፉን በንግሥት ማርጌሪታ፣ ጎረቤቱን ደግሞ በእንግሊዟ ንግሥት አሌክሳንድራ ስም ጠራቸው። ማርጌሪታ የአድዋ ጦርነት ጊዜ በጣሊያን ነግሦ የነበረው የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ሚስት ናት። ይኸው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1928 ኢትዮጵያ መጥቶ የዋቢ ሸበሌን ምንጭ ፍለጋ ተጉዟል።

ድንበሩ በጫፉ ላይ ያልፋል ቢባልም ጥበቃም ሆነ ኬላ የለም። በምዕራብ በኩል ገደሉ ወደ ኮንጎ ይወርዳል፤ በዚያ በኩል ለመውረድ የኮንጎ ቪዛም የቪሩንጋ ፈቃድም ስለሚያስፈልግ የኡጋንዳ ፈቃድ የያዘ ሰው በመጣበት ይመለሳል። ውሃው ግን ድንበር አያውቅም። በምሥራቅ የሚወርደው በሙቡኩ አድርጎ ጆርጅ ሐይቅ፣ ከዚያ ኤድዋርድ ሐይቅ ገብቶ በሴምሊኪ ወንዝ ይወጣል። በምዕራብ የሚወርደውም ሴምሊኪ ነው የሚገባው። ሴምሊኪ አልበርት ሐይቅን ይመግባል፤ ከዚያ ነጭ አባይ ነው፤ ካርቱም ላይም ከእኛ አባይ ጋር ይገናኛል።

መውረዱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። አደጋ የሚበዛው በመውረድ ነው፤ በረዶው ፀሐይ ነክቶት ልሟል፤ ሰውም ደክሟል። በክራምፖኑ ሥር በረዶ እየተጋገረ ከመጣ በመጥረቢያው እጀታ ጫማውን መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር በጉምም ጊዜ አይወለቅ።

ኤሌና ምሳ ተበልቶ፣ በስኮት ኤሊዮት በር (4,372 ሜትር) በኩል ወደ ኪታንዳራ ሌላ ሦስት ሰዓት አለ። በሩን እንዳለፉ በቤከር ገደል ሥር የተናደ ድንጋይ ላይ ይወረዳል፤ እዚህ አትቀመጡ፤ ከላይ ድንጋይ ይወርዳል። ለደከመ ሰው ኤሌና ሁለተኛ ሌሊት ማደር ይቻላል፤ አስቀድሞ ከመሪው ጋር መነጋገር ብቻ ነው። ኪታንዳራ በሁለት ጥቁር ሐይቆች አጠገብ ያለች፣ ከመንገዱ ሁሉ ውቧ ማደሪያ ናት።

ቀን 6፦ ኪታንዳራ – ጋይ ዮማን (3,261 ሜትር)

ጠዋት ወዲያው ወደ ፍሬሽፊልድ በር (4,282 ሜትር) አቀበት ነው። ከትናንት በኋላ እግር እሺ አይልም፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከበሩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ የኮንጎ ሜዳ ይታያል። ከዚያ የሙቡኩ ሸለቆ ቁልቁል። በመንገድ ላይ ቡጆንጎሎ የሚባለው የአለት ጥላ አለ፤ የ1906ቱ ጉዞ ዋና ሰፈር ይህ ነበር። የተራራውን በረዶ በዚያን ጊዜ በፎቶግራፍ የመዘገበው ቪቶሪዮ ሴላም ከቡድኑ ጋር ነበር፤ ዛሬ የግግሮቹ መጠን የሚነጻጸረው በእነዚያ ፎቶዎች ነው። አምስት ሰዓት ያህል ይበቃል።

ቀን 7፦ ጋይ ዮማን – ንያቢታባ – ንያካሌንጊጃ

ከጋይ ዮማን እስከ ኪቹቹ ያለው ቁልቁለት ገደላማ ነው፤ ገመድና መሰላል ያለበት ቦታ ፊት ወደ አለቱ ዞሮ ይወረዳል። ከዚያ ረግረግ፣ ቀርከሃ፣ የሙቡኩ ወንዝ መሻገሪያ። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ወንዙ ይሞላል፤ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መድፈር የለም። ከዚያ ንያቢታባ ይደረሳል። ጠንካራ ቡድን በዚያው ቀን እስከ ፓርኩ በር ይወርዳል፤ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ግን አድሮ በስምንተኛው ቀን ቢወርድ ይሻለዋል።

በሩ ላይ የተከራያችሁትን ዕቃ ስትመልሱ የተሰበረ ማሰሪያ፣ የተላጠ ገመድ፣ የደነዘዘ ክራምፖን ካለ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ቀጣዩ ቡድን በማግሥቱ ይዞት ይወጣል። ለተሸካሚዎች የሚሰጠውን ጉርሻ በእጃቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ስጡ። ደህና የሆነ ጓንት፣ ካልሲ ወይም የዝናብ ልብስ የሚተርፋችሁ ከሆነም እዚያው ተዉላቸው፤ በኤሌና ሌሊት ከናንተ የሳሳ ልብስ ለብሰው ያደሩት እነሱ ናቸው።